ከበርጩማው የሸሸው አናጢ

በየዓመቱ ንካውካው ከተማ ላይ ጉባኤ ሲደረግ ፓስተር አንሳ መድረክ ላይ ይወጡና በዓመቱ የተከፈቱትን አጥቢያዎች በስም ይጠራሉ። ስም በተጠራ ቁጥር ከበሮው ይመታል፣ ነጭ መሐረብ ይውለበለባል፣ እናቶች ከአግዳሚው ተነሥተው ይወዛወዛሉ። ከዚያ ፓስተሩ ግንባራቸውን በእጃቸው ጋርደው፣ "ያ ጌታ የሚነዳው ሰውዬ የት አለ?" ይላሉ። ሕዝቡ አንገቱን ወደ ኋላ ያዞራል፤ ሰውዬው ሁልጊዜም በሩ አጠገብ ነው። አሲያማ ይባላል። ረጅም፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ የሎሪ የእንጨት ካሶኔ የሚሠራ አናጢ ነው። ያ ሁሉ ሰው እሱን ሲያይ እሱ የሚያየው መንገዱን ነው።

ጉባኤተኛው ይህን በትሕትና ይተረጉምለት ነበር። ኮኖንጎ ላይ አጥቢያ የከፈተ እሱ፣ ማምፖንግ ላይ እሱ፣ ኤጁራም ቴቺማንም እሱ። አንዱን ተክሎ ሳይጨርስ ተነሥቶ ሌላው ጋ ይሄዳል። "መንፈስ ተነሥ ካለው አያድርም" ይሉ ነበር፤ እውነትም አያድርም። አንዳንዴ የላገውን እንጨት እንኳ ሳይገጥም ጥሎ ይሄዳል። ሰው ያላወቀው ነገር ቢኖር አሲያማ ከከተማ ከተማ የሚዞረው ዘመዶቹ ይዘው ሊያነግሡት ስለሚያሳድዱት መሆኑን ነው።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" በሚባልበት ዓለም ከሹመት የሚሸሽ ሰው አለ ቢባል የማይስቅ የለም። አሲያማን ግን አላሳቀውም። የበላው ሳይረጋለት፣ የተኛው ሳይሞቅለት ነው የጎልማሳነት ዕድሜው ያለቀው።

ነገሩ የተጀመረው ቤተ እምነቷ ራሷ ገና ስም ሳይኖራት ነው። አንሳ ያኔ ፓስተር አልነበሩም፤ ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ የነጮቹ ሚሲዮን መዘምር። ሌላው ሰው በልቡ ሲጸልይ እሳቸው ጮክ ብለው ይጸልያሉ። የሚሲዮኑ ቄስ አስጠርተው፣ እግዚአብሔር እኮ ደንቆሮ አይደለም አሏቸው። አንሳ፣ "እሱማ አይደለም፤ የደነቆርኩስ እኔ ነኝ" ብለው መለሱ፤ በዚያው ተባረሩ። ጥቂት ሰዎች ተከትለዋቸው ወጡና ከንካውካው ሎሪ ጣቢያ ጀርባ አንድ የካካዎ ማድረቂያ ዳስ ለመኑ። ካካዎ በሚሰበሰብበት ወራት ፍሬው መካከል ተቀምጠው፣ የቦካው ሽታ ልብሳቸው ውስጥ እየገባ ያመልኩ ነበር። እያጨበጨቡ ስለሚዘምሩ የከተማው ሰው "አጨብጫቢዎች" አላቸው። ስሙ የወጣው ለስድብ ነው፤ እነሱ ግን ወደዱት።

አሲያማ ወደዚያ ዳስ የሄደው አግዳሚ ሊሠራላቸው ነው። ሜትሩን ዘርግቶ ሊለካ ሲል ከበሮው ተጀመረ፤ ሜትሩን መሬት ላይ ትቶ ቀረ። ከልጅነቱ ጀምሮ አርፎ መቀመጥ የማይችል ሰው ነበር። ትምህርት ቤት በዚህ ተገርፏል፤ እናቱም ይህ ልጅ እግሩ ሥር እሳት አለ እያለች ነው ያሳደገችው። እዚህ ግን እግሩ ሲንቀጠቀጥ አይተው መንፈስ ቅዱስ ነው አሉት። ዕድሜ ልኩን ጥፋት ሲባል የኖረ ነገር በአንድ ቀን ጸጋ ሲባልለት ማን ይጠላል? ወንዝ ወርዶ ተጠመቀ፤ ለሙታን መጠጥ ላያፈስ፣ ደም ላያቀርብ፣ በአንዲት ሚስት ሊጸና እውኃው ውስጥ ቆሞ ማለ። ታናሽ ወንድሙን ኦዱሮንም ይዞ ገባ። ኦዱሮ ሙያ ሊማር ነበር እሱ ዘንድ የመጣው፤ ዝምተኛ፣ ዝግ ያለ ልጅ ነው። አሲያማ እየዘለለ ሲጸልይ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ "አዎን፣ አዎን" ብቻ ይላል።

በዚያው ዓመት አጎታቸው ሞቱ። አጎታቸው የንሱዋኪር ንጉሥ ነበሩ። ንሱዋኪር ትልቅ አገር አይደለችም፤ ከወንዝ ወዲህ ያለች፣ ካካዎና ጭቅጭቅ የሞላባት መንደር ናት። ንጉሥ ግን ንጉሥ ነው፤ የአጎት ወንበር ደግሞ ለእህት ልጅ እንጂ ለገዛ ልጅ አይተርፍም። ንጉሥ የምትመርጠው የዘሩ ትልቅ ሴት ተጠየቀችና የሟቹን እህት የአፍራኮማን የበኩር ልጅ አሲያማን አለች። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። ቁመት አለው፣ አንደበት አለው፣ እጁ ሥራ ያውቃል፤ ምን ይጎድለዋል ተባለ።

የተመረጠው ሰው ግን ትፈልጋለህ ወይ ተብሎ አይጠየቅም። ይያዛል። ድንገት ከበው ነጭ አፈር ይቀቡታል፣ በትከሻቸው ያነሡታል፣ የአገሩ ዙፋን የሆነው የአያቶች ጥቁር በርጩማ ወዳለበት ጨለማ ክፍል ያስገቡትና ቂጡን ሦስት ጊዜ በርጩማው ላይ ነካ ያደርጉታል። ከነካ በቃ። ከዚያ ወዲያ መጠጥ አፍስሶ ሙታንን ይጠራል፣ በርጩማውን የበግ ደም ያጠጣል፣ ሚስት በሚስት ላይ ይጨመርለታል። አሲያማ ወንዝ ውስጥ ቆሞ የማለው ሁሉ እዚያች በርጩማ ላይ ይፈርሳል ማለት ነው።

መልእክቱ የመጣው እናታችሁ ታማለች ተብሎ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ወዲያው ተነሡ። መንደሩ መግቢያ ላይ ማንሳ የምትባል የሩቅ ዘመዳቸው የወጥ ሙዝ ትጠብስ ነበር። ቀና ሳትል፣ ዘይቱን እያየች፣ "እናትህ ደህና ናት። ትናንት የእራት ፉፉ ስትወቅጥ አይቻታለሁ። ነጩ አፈር ግን ተበጥብጧል" አለችው።

አሲያማ ኦዱሮን በክንዱ ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው።

"በእውነት ታማ ቢሆንስ?" አለ ኦዱሮ።

"አልሰማህም እንዴ? ደህና ናት እኮ አለች።"

"ትናንት ነው ያየቻት። ዛሬስ?"

ኦዱሮ እንዲህ ነው፤ አንድ ነገር ከያዘ ቶሎ አይለቅም። አንተ ሂድ፣ እኔን የሚፈልገኝ የለም አለና ወደ መንደሩ ወረደ፤ በዚያው እናቱ ዘንድ ቀረ። አሲያማ ደግሞ እግሬ አውጪኝ አለ። በካካዎ እርሻ ውስጥ እየተደናቀፈ ዋናው መንገድ ላይ ወጣ፤ ያገኘው ሎሪ ላይ ተንጠልጥሎ ኮኖንጎ ገባ።

እንደ ወረደ ጣቢያው አጠገብ ማንጎ ጥላ ሥር ቆሞ፣ ሰው አለ የለም ሳይል፣ ጮክ ብሎ መጸለይ ጀመረ። ልመናው አንድ ብቻ ነው፤ እንዳይዙት። ከወርቅ ጉድጓድ የሚወጡ ሠራተኞች ከበቡት። አንዱ ዕብድ ነው አለ፤ ሌላው ዝም በል እንስማው አለ። እንደዚያ አንጀቱ እስኪታጠፍ የሚለምን ሰው አይተው አያውቁም። አንዲት ሴት የታመመ ልጇን አምጥታ እጁ ሥር አስቀመጠች። በተከታዩ እሑድ ከዛፉ ጥላ የተረፈው ሰው ፀሐይ ላይ ቆመ።

ፓስተር አንሳ ወሬውን ሰምተው መጡና ማን ልኮህ ነው ኮኖንጎ የገባኸው አሉት። አሲያማ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። የወጣው ግን "መንፈስ ተነሥ አለኝ" የሚል ነበር። አንሳ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በዚያ ዳስ ውስጥ ሲለምኑት የኖሩት ይህንኑ ነበራ። እጃቸውን ጭነው ወንጌላዊ ብለው ሾሙት። አሲያማም ከዚያ ወዲያ ራሱን ሲያጽናና፣ የሆነ ነገር እኮ አስነሥቶኛል፣ ጨርሶ ውሸት አይደለም ይል ነበር።

ዘመዶቹ በቀላሉ የሚተዉ ሰዎች አልነበሩም። ንጉሥ ለሌለው መንደር ድንበሩን ማን ይምልለታል? የወንዝ ማዶ ጎረቤቶች ዳሩ ላይ ያለውን ጫካ በየዓመቱ ይቆርሳሉ፤ ክሱ ደግሞ በርጩማው ላይ የተቀመጠ ሰው ስለሌለ ከቀጠሮ ቀጠሮ ይንከባለላል። ስለዚህ ይፈልጉታል፤ ያገኙታልም። የሚያጋልጠው የገዛ ሥራው ነው። የአሲያማ ካሶኔ ላይ ምስማር አይታይም፤ እንጨት ከእንጨት ተነካክሶ ነው የሚገጥመው። ሹፌሮቹ ይኮሩበታል፤ ንሱዋኪር ላይ ቆመው ይህን ማን ሠራልህ ሲባሉ ከተማውን ከነሰፈሩ ይናገራሉ። ጥቂት ሰንብቶ አንድ እሑድ የማያውቃቸው ሰዎች ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ሰው ሲያጨበጭብ እነሱ አያጨበጭቡም። አሲያማ ስብከቱን ያሳጥርና በጓሮ በር ይወጣል። ምስማር ምታበት እንጂ ብላ ሚስቱ ብትመክረው እንቢ አለ። ነፍሱን ለማዳን አገር ይለቃል፤ ለሥራው ግን ምስማር አይመታም።

ማምፖንግ ላይ ሊይዙት ምንም አልቀራቸውም። የሠርግ እንግዳ መስለው ገብተው ነበር። አንደኛው ነጭ አፈር የሞላ መዳፉን ክንዱ ላይ ሲያሳርፍ አሲያማ አግዳሚውን ገልብጦ በመስኮት ወጣ። ነጩን ክንዱን በቅጠል እየፈገፈገ ኤጁራ የእህል ገበያ ደረሰና እዚያው እህል ቆጥ ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ። ለቅሶው እውነተኛ ስለነበር ሰው ተሰበሰበ። ኤጁራ ላይ አጥቢያ ተከፈተ። የንካውካው ማኅበር ይህን ሲሰማ አዲስ ከበሮ ገዝቶ ላከለት።

ሚስቱ ዱፊያ ኮኖንጎ ላይ ያገኛት የጨርቅ ነጋዴ ናት። ነገሩን ሁሉ ታውቃለች። ደንበኛ ባበጀች ቁጥር ትነሣለች፤ የአንዱ ከተማ ዱቤ ሳይመለስላት በሌላው ከተማ እንግዳ ትሆናለች። ኤጁራ ላይም ሰዎቹ ታዩ ተባለና ዕቃ ስትሸክፍ ትዕግሥቷ አለቀ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችው ጀርባዋን እንደሰጠችው። "መንፈስ ቅዱስ የሚያናግርህ ዘመዶችህ ሲመጡ ብቻ ነው?"

"ዱፊያ፣ አፍሽን ሰብስቢ።"

"ልሰብስብ። ልጆቹን ሰብስቤያለሁ፣ ድስቱን ሰብስቤያለሁ፣ አፌማ ምን ያቅተኛል። ግን ንካውካው ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብልህ አታፍርም?"

"አጥቢያዎቹ እውነት ናቸው። ሰው ድኗል።"

"ድኗል። ያልዳንከው አንተ ነህ።"

ያፍር ነበር እንጂ። ይባስ ብሎ ወጣቶቹ ሰባኪዎች እሱን እያዩ መኮረጅ ጀመሩ። አንድ ቦታ የቆየ ወንጌላዊ ለብ ያለ ነው ይባል ጀመር። በአንዱ ጉባኤ ላይ አንድ ገና ጢሙ ያልጠና ሰባኪ ተነሥቶ፣ መንፈስ እንደ ወንድም አሲያማ ተነሥ ሲለኝ ባለቤቴ ምጥ ላይ ነበረች፣ ትቻት ሄድኩ ብሎ መሰከረ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የአሲያማ እጅ ግን አልተነሣም። ሕፃኑስ ተረፈ ወይ ብሎ ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር፤ ያን ከጠየቀ የራሱም ጉድ ተከትሎ እንደሚወጣ ገባውና ውጪ ወጥቶ ከሎሪዎቹ መካከል ቆመ። በዚያች ቀን ለፓስተር አንሳ ሁሉን ቢነግራቸው ኖሮ ብዙ ነገር በቀረ። ፓስተሩ መጥተው ትከሻውን ይዘው፣ ልጄ ጌታ ባንተ ትልቅ ሥራ እየሠራ ነው ሲሉት አሁንም ዋጠው።

ቴቺማን ሳሉ እናቱ አፍራኮማ ሞተች። የዚህን ጊዜ ወሬው እውነት ነበር። አጥቢያው ሁሉ የኀዘን ጥቁርና ቀይ ለብሶ አብሮት ሊሄድ ተነሣ፤ መዘምራኑ የቀብር መዝሙር አጠኑ። አሲያማ ግን ያውቃል፤ የእናት ቀብር ላይ የበኩር ልጅ ሬሳው አጠገብ ይቆማል፣ ቦታውም ሰዓቱም የታወቀ ነው፣ ከዚያ የተሻለ ወጥመድ የለም። ለእናቱ ቀብር ያልቆመ ሰው ደግሞ በዚያ አገር ሰው አይባልም። ሲወዛገብ ሰነበተ፤ አንዴ ጫማውን ያደርጋል፣ አንዴ ያወልቃል። በመጨረሻ አጥቢያው ፊት ቆሞ መንፈስ ወደ ኪንታምፖ ሂድ ብሎኛል አለ።

ማንም እንኳ ሳያሳድደው የሸሸው ያኔ ነው። ሎሪው ላይ ፊቱን ወደ ጫካው አዙሮ መንገዱን ሙሉ አለቀሰ። የዱፊያን ስድብ የለመደ ሰው ነውና ዝምታዋ ባሰበት።

ኪንታምፖ ጫካው አልቆ ሣሩ የሚጀምርበት ከተማ ነው። አሲያማ ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ከፍቶ ካሶኔ መሥራት ጀመረ፤ እንደ ልማዱም ሰው ሰበሰበ። ከዚያ የሚያሳድዱትን ጠበቀ። እሑድ ሲሰብክ ዓይኑ ከኋላ ካለው አግዳሚ አይነሣም። ሁሉም ሰው ያጨበጭባል። በተከታዩም እሑድ ሁሉም ያጨበጭባል። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ አቧራማው ነፋስ መጣ፣ ማንም የለም። ደስ ሊለው ሲገባ አላስቀምጥ አለው። ሥራ አቋርጦ መንገዱ ዳር ይወጣል፣ ከደቡብ የሚመጣውን ሎሪ ሁሉ ያያል፣ ይመለሳል፣ መላጊያውን ያነሣል፣ ያስቀምጣል። ሚስቱ ሰው ጠፋብህ እንዴ ብትለው ተቆጣት።

ፓስተር አንሳ አርጅተው፣ ዘንግ ይዘው፣ እስከ ኪንታምፖ መጡ። ታማሌ ከተማ ላይ በር ተከፍቷል አሉት፤ ቤተ እምነቷ ከጫካው አገር ወጥታ አታውቅም፣ ሰሜን ስትገባ ይህ የመጀመሪያው ነው፣ አንተ ካልሄድክ ማን ይሄዳል፣ መቼ ትነሣለህ? አሲያማ ገና አልተነገረኝም አላቸው። እውነቱን ነበር። የሚያባርረው ሰው ከሌለ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን ጨው ጭኖ ከደቡብ የመጣ ሹፌር ካሶኔ ሊያስጠግን ቆመ። አሲያማ ሥራውን እየሠራ፣ እንደ ዋዛ፣ ስለ ንሱዋኪር ጠየቀው።

"ንሱዋኪር? ንጉሥ አንግሠዋል እኮ" አለ ሹፌሩ። "በእናቱ ቀብር ላይ ነው የያዙት። አናጢ ነው፣ ዝምተኛ ሰውዬ። ኦዱሮ ይሉታል። በዚያ መንደር አጨብጫቢ እሱ ብቻ ነበር። በየጥዋቱ እናቱ ግቢ ብቻውን ሲያጨበጭብ ሰው ይስቅበት ነበር። አሁን ማን ይስቃል!"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አሲያማ የጠላው ግን ወንድሙን ወረሰው። ሎሪውን ጠግኖ ሸኘ፤ እንዴት እንደጠገነው ግን አያስታውስም። ቤት ገብቶ ጫማውን ሲያስር ዱፊያ በሩ ላይ ቆመች።

"የአሁኑስ? መንፈስ ምን አለህ?"

"ምንም አላለኝም። ወንድሜ ጋ ልሄድ ነው።"

ዱፊያ ትንሽ አየችውና ሌላ ነገር ሳትጠይቅ ልብሷን ልትቀይር ገባች።

ንሱዋኪር ሲገቡ የያዘው ሰው አልነበረም። ሰዎች አዩት፣ አወቁት፣ ከመንገዱ ዞር አሉለት። ያን ሁሉ ዘመን ሊይዙት ሲሮጡ የኖሩት ዘመዶቹ አሁን እጁን እንኳ አልጨበጡትም። ዱፊያ ከሴቶቹ ጋር ቀረች፤ እሱ ቤተ መንግሥቱ ግቢ በር ላይ ጫማውን አወለቀ፣ የለበሰውን ጨርቅ ከትከሻው አወረደ። ይህን ሁሉ ክብር የሚሰጠው ለታናሽ ወንድሙ ነው።

ኦዱሮ፣ አሁን እንደ ንጉሥ ደንብ ናና ኦዱሮ የሚባለው፣ ትልቁ የንጉሥ ጃንጥላ ሥር ተቀምጧል። የእጁ አንጓ ላይ ወርቅ አለ፣ ፊቱ ከስቷል። ንጉሥ በቀጥታ አይናገርም፣ በቀጥታም አይነገረውም፤ መካከል ላይ ዘንግ የያዘ፣ የናና አፍ የሚባል ሽማግሌ ቆሟል። ለእንግዳው ውኃ ተሰጠው፤ ጠጣ። የናና አፍ እንደ ደንቡ፣ እዚህ ሰላም ነው፣ መንገደኛው የመጣበትን ጉዳይ ይናገር አለ።

አሲያማ ሎሪው ላይ ጥሩ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ ከመጽሐፍ የተጠቀሰ፣ እያለሳለሰ ወደ ይቅርታ የሚወስድ። ወንድሙን ሲያይ ያ ሁሉ ጠፋበት።

"የሸሸሁት እኔ ነኝ በሉልኝ" አለ። "መንፈስ አላስነሣኝም፤ ያስነሣኝ ፍርሃት ነው። እናቴንም ያልቀበርኳት ስለፈራሁ ነው።"

የናና አፍ ሥራው ነገር ማሳመር ነውና ዘወር ብሎ፣ "ናና፣ ታላቅ ወንድምዎ መንገዱ ረዝሞባቸው፣ ወንዙ ሞልቶባቸው ዘገየሁ ይላሉ" አለ።

"አታሳምረው" አለ ኦዱሮ። "ሰምቼዋለሁ።"

ከዚያ እጁን አነሣ፤ ሽማግሌዎቹ እየተያዩ ወጡ፣ የናና አፍም ዘንጉን ይዞ ተከተላቸው። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

"ናና፣ እርስዎ..." ብሎ ጀመረ አሲያማ።

"ሰው የለም እኮ። ኦዱሮ በለኝ።"

አሲያማ ሊለው ሞከረ፤ ምላሱ እንቢ አለው።

"ሲያነሡኝ የማንን ስም እንደጠራሁ ታውቃለህ?" አለ ኦዱሮ።

አሲያማ የኢየሱስን ሊለኝ ነው ብሎ ጠበቀ።

"ያንተን። አሲያማ፣ አሲያማ እያልኩ ነው የጮህኩት። ትከሻቸው ላይ ስለነበርኩ መንገዱ እስከ ወንዙ ድረስ ይታየኝ ነበር። የሚመጣ ሰው አልነበረም።"

አሲያማ ተንበረከከ። ይቅር በለኝ የምትለዋን ቃል በየከተማው ስንቱን ሰው አስተምሯታል፤ አሁን ግን በግንባሩ መሬቱን ነካ። ኦዱሮ ተነሥ አላለውም፤ እንዳያየው ግን ፊቱን ወደ ሌላ አዞረለት። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ ቀጠለ።

"ሹፌሮቹ ይነግሩኛል። ኮኖንጎ ላይ አጥቢያ አለ፣ ኤጁራ ላይ አለ፣ አሁን ደግሞ ኪንታምፖ ላይ አለ ይሉኛል። የሸሸህበት አገር ሁሉ ይዘምራል። ወደዚህ ብቻ ነው ያልሸሸኸው፤ ስለዚህ እዚህ መዝሙር የለም። ለአጥቢያ ቦታ እሰጥሃለሁ፤ ከዚህ አጥር ጀርባ።"

አሲያማ ቀና አለ። "ናና፣ እኛ እኮ ከበሮ እንመታለን፣ እንጮሃለን። ሽማግሌዎቹ ይቆጣሉ። ከወንዙ ዳር ብናደርገው..."

"አሁንም ልትርቅ ነው?"

አሲያማ ወደ አጥሩ ዘወር ብሎ አየ።

"እኔ መግባት አልችልም" አለ ኦዱሮ። "ለሙታን መጠጥ የማፈስ ሰው ነኝ፤ ፓስተር አንሳም አያስገቡኝ፣ እኔም አላሳፍራቸውም። መስማት ግን ማንም አልከለከለኝም። ቅርብ አድርገው።"

በማግሥቱ አሲያማ ችካልና ገመድ ይዞ ከአጥሩ ጀርባ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ቆመው ሲያዩት ቆዩና ከመካከላቸው አንዱ፣ ይህ የንጉሥ መኝታ ቤት ግድግዳ ነው፣ ትንሽ ራቅ አድርገው አለው። አሲያማ የመጀመሪያውን ችካል ነቀለና ወደ ግድግዳው ይበልጥ አስጠግቶ ተከለው።